ሳይሞት የተለቀሰለት ውርንጭላ

አንድ ጊዜ በአንድ ወንዝ ዳር የሚኖሩ እንስሳት እድር አቋቋሙ። አንበሳ የእድሩ ዳኛ ሆነ። ጅብ ድምፁ ከተራራ ተራራ ስለሚሰማ ጥሩንባ ነፊ ተደረገ። እሱም ሹመቱን ወደደው፤ ማን እንደሞተ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነዋ። በየመኸሩ ሁሉም ገብስ ያዋጣል፣ ገብሱ ከዳኛው ደጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ይከተታል፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት ለሐዘንተኛው ቤት ይወጣል። መዋጮዋን አንድም ጊዜ ያላጓደለችው እመት አህያ ነበረች። የሌሎቹንም መዋጮ ተሸክማ የምታደርሰው እሷ ስትሆን፣ ለዚህ ድካሟ ያመሰገናት የለም።

ታዲያ የእመት አህያ ልጅ ታመመ። መጀመሪያ ሳል ያዘው፣ ቀጥሎ መብላት ተወ፣ በኋላም መቆም አቃተው። እናቱ እየደገፈች መድኃኒት አዋቂዋ እመት ጦጢት ወደምትኖርበት ገደል ወሰደችው። ጦጢት አንድ ቁና ገብስ ተቀብላ እዚያው አስተኛችው። በማግስቱ ስልቻ ሙሉ ጠየቀች።

«ትናንት ቁና አልነበር እንዴ?» አለች እመት አህያ።

«ቁናው ምላሱን ያየሁበት ነው። ስልቻው ጆሮውን ያየሁበት ነው። የመድኃኒቱ ገና ነው።»

«ጆሮውን አልታመመም እኮ።»

«እሱንስ ያወቅነው አይተን አይደል?»

ነገሩ ለእመት አህያ ልክ መሰላት፤ መለስ ብላ ስታስበው ደግሞ ልክ አልመስል አላት። ቢሆንም ሰጠች። ጦጢት ክፉ አልነበረችም፤ ለመድኃኒት የምትፈልገው ሥር እውነትም እየራቀ ሄዶ ገደል ለገደል ተንጠልጥላ ነው የምትነቅለው። ነገር ግን ዋጋው በመጣች ቁጥር ይጨምራል፣ የአህያ ጎተራ ደግሞ በሄደች ቁጥር ይጎድላል። በመጨረሻ ጎተራው ባዶውን ቀረ።

«የሚያድነው ሥር አለ» አለች ያን ቀን ጦጢት። «ግን ሁለት ጭነት ገብስ ነው። እኔም ልጆች አሉኝ፣ እመት አህያ። ቶሎ ካልዋጠው ደግሞ እንጃለት።»

እመት አህያ በቀጥታ ወደ አንበሳ ሄደች። «ጌታዬ ዳኛ፣ ልጄ ታሞብኛል። ከእድሩ ገብስ ይሰጠኝና ላሳክመው።»

አንበሳ ጎፈሩን አከከ። «ሞተ?»

«ኧረ አልሞተም። እንዳይሞት ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያስ ምን ላድርግልሽ? እድሩ ለሞተ ነው። ሲሞት ነይ፤ አንዲት ፍሬ አናጎድልብሽም። ዳሱም፣ ንፍሮውም፣ ለቀስተኛውም ሙሉ ነው።»

«ካልሞተስ?»

«ካልሞተማ ደስ ይበልሽ እንጂ፤ ገብስ ምን ያደርግልሻል?»

እመት አህያ አመስግና ወጣች። ምን እንዳመሰገነች ግን አልገባትም። ልጇ ከሞተ ገብስ አለ፤ መድኃኒት ግን አያስፈልግም። ካልሞተ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ገብስ ግን የለም። ይህን ስታወጣና ስታወርድ የገዛ ቤቷን አልፋ ሄደች።

መንገድ ዳር ጋደም ያለው ቀበሮ አያት። «ምነው እመት አህያ፣ ቤትሽን አለፍሽው እኮ።»

ሁሉንም ነገረችው። ቀበሮ ሰምቶ ሲጨርስ ሳቅ አለ። «ይኼማ ቀላል ነው። ሞተ በያቸው።»

«ልጄን?»

«በአፍ ብቻ ነው። ከወንዙ ማዶ ገደል ገባ፣ ሬሳውም አልተገኘም ትያለሽ። እነሱ ገብሱን ይሰጡሻል፣ አንቺ ለጦጢት ትሰጫለሽ፣ ልጅሽ ይድናል። እኔ ለምክሬ ከንፍሮው በልቼ ብጠግብ ይበቃኛል።»

«ከዳነ በኋላስ ምን እላለሁ?»

«ከዳነ በኋላማ ምን ቸገረሽ?»

እመት አህያ ዋሽታ አታውቅም። ከውሸቱም በላይ ቃሉን ፈራችው፤ በአፏ ያወጣችው ቢደርስባትስ? እዚያው መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች።

«እሱን እንባ አሁን አትጨርሺው፣ ነገ ያስፈልገናል» አላት ቀበሮ።

በማግስቱ እመት አህያ ቀበሮ እንዳላት አድርጋ ለእድሩ ተናገረች፤ ጅብም ኮረብታ ላይ ወጥቶ ጮኸ። «የእመት አህያ ልጅ ገደል ገብቶ ሞቷል፣ እድርተኛ የሆንክ ሁሉ ውጣ» አለ። ጮኾ እንደጨረሰ ግን ወደ ለቅሶው ቤት አልሄደም። ያልተገኘ ሬሳ መኖሩ እረፍት ነስቶት ወደ ገደሉ ወረደ። «ለቀብሩ ብዬ ነው» ይላል ለጠየቀው ሁሉ፣ ምራቁን እየዋጠ።

እድሩ ቃሉን አላጠፈም። ገብሱ ወጣ፣ ዳሱ ተጣለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። እመት አህያ ገብሱን በጓሮ በኩል ለጦጢት አደረሰችና ተመልሳ ሐዘን ተቀመጠች። እንባዋ የውሸት አልነበረም። ሥሩ ይሥራለት አይሥራለት ገና አላወቀችም፤ እነሱ ለሞተው ሲያለቅሱላት እሷ ለሕያው ታለቅስ ነበር። ላም አጠገቧ ተንበርክካ፣ «ምን አለ በሕይወቱ ሳለ አንድ ነገር ባደረግንለት» እያለች ታነባለች። ቀበሮ ከሁሉም በላይ እየጮኸ ከንፍሮው ደጋግሞ ይዘግናል።

በሠልስቱ ቀን ለቀስተኛው እንደተሰበሰበ ውርንጭላው መጣ። መድኃኒቱ ሠርቶለት፣ ረሃቡ ተቀስቅሶበት፣ የንፍሮው ሽታ እየመራው ነው የመጣው። አንገቱን ወደ ዳሱ አስገባና፣ «እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለ።

በግ ለለቅሶ የከፈተችውን አፏን ምን እንደምታደርገው ጠፋት። ላም ግራ ሲገባት ሟቹን ራሱን «እግዜር ያጽናህ» አለችው። ቀበሮ «ተአምር ነው» እያለ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ከጅብ ጋር ተጋጨ። ጅብ ከገደሉ መመለሱ ነበር፤ ገላውን እሾህ ቧጭሮት፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል።

«እኔ ድንጋይ ለድንጋይ ስፈልገው እሱ እዚህ ቆሟል» አለ ጅብ። «ሞቷል ብዬ ለአገር ተናግሬያለሁ። የተነፋ ጥሩንባ እንዴት ይመለሳል? ይሙት እንጂ።»

«ዝም በል» አለው አንበሳ፤ ነገር ግን እሱም ግራ ገብቶታል። «እመት አህያ፣ ይኼ ልጅ ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

እመት አህያ ተነሣች። «አልሞተም ጌታዬ። ዋሽቻለሁ። ታሞ ሳለ መጥቼ ሲሞት ነይ አሉኝ። እኔ ደግሞ እስኪሞት መጠበቅ አልቻልኩም።»

«እንግዲያው ገብሱን መልሺ።»

«ገብሱ ይኸው» አለች፣ ልጇን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ። «ፊትዎ ቆሟል። እመት ላም፣ ምን አለ በሕይወቱ ሳለ ባደረግንለት ስትይ ነበር። አድርጋችሁለታል።»

አንበሳ ዙሪያውን አየና፣ «ገብሱ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ልጁ እንደ በፊቱ ይተኛ የሚል እግሩን ያንሣ» አለ። ጅብ አነሣ። ግራ ቀኙን ሲያይ ብቻውን ነው። ባነሣው እግር ጆሮውን እንደሚያክ ሆነ።

አንበሳም ፈረደ። እመት አህያ ስለ ውሸቷ በየለቅሶው ውኃ እንድትቀዳ ተፈረደባት፤ ድሮም የምትቀዳው እሷ ነበረች። ቀበሮ የበላውን ንፍሮ በገብስ እንዲከፍል ተባለ፤ እሱ ግን በጅብ እግሮች መሃል ሾልኮ ሄዷል፣ እስከ ዛሬም አልከፈለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የእድሩ ጉድጓድ ለታመመም ይከፈት ጀመር።

የተቸገረው ጅብ ነው። አሁን ለታመመም ይጮኻል፣ ለሞተም ይጮኻል፣ ለየትኛው እንደተላከ ግን ይጠፋዋል። ለዚህም ነው ሲጮኽ ከታች ጀምሮ ድምፁን ወደ ላይ የሚስበው፤ ሞተ ወይስ ታመመ ብሎ እየጠየቀ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ወደ ለቅሶ ቤት የምንሮጠውን ያህል ወደ ታመመው ቤት ብንሮጥ፣ ብዙውን ለቅሶ ሳንቀመጥ እንደምንቀር ነው።