የታናሽ ወንድሙ ፕላኔት

ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሆኖ ፕላኔት የሚሠራ አንድ ሰው ነበረ። ፕላኔቶቹ እውነተኛ አይደሉም። መንኮራኩር እየሠሩ ወደ ሰማይ የሚያስወነጭፉበት የኮምፒውተር ጌም አለ፤ ወንድማማቾቹ በዚያ ጌም ላይ አዳዲስ ፕላኔቶች የሚጨምር ፋይል አዘጋጅተው ሠላሳ ለማይሞሉ ሰዎች ይልኩ ነበር። ታላቅየው ተራራውንና ቀለሙን ይሠራል። ታናሽየው ደግሞ እያንዳንዷ ፕላኔት በፀሐይዋ ዙሪያ የምትዞርበትን መንገድ፣ ምህዋሯን፣ በቁጥር ይወስናል።

ከፕላኔቶቹ አንዷ ታላቅየውን ታናድደው ነበር። የሌሎቹ ምህዋር ክብ ሲሆን የእሷ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ በዚያ ላይ ያዘነብላል። ብዙውን ጊዜ ሩቅ ጨለማ ውስጥ ስለምትቆይ የሚደርስባት ተጫዋች የለም። አስተካክላት እያለ ስድስት ዓመት ነዘነዘው። ታናሽየው ፈገግ ይልና እንዳለች ተዋት ይለዋል።

ታናሽየው የኩላሊት ሕመምተኛ ነበረ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ በማሽን ይታጠብለታል። በሠላሳ አራት ዓመቱ ዐረፈ።

ከአርባው በኋላ ታላቅየው ፋይሉን ከፈተ። የወንድሜ ስም ያለበት ሥራ እንከን አይኑረው ብሎ አሰበ። የፕላኔቷን ቁጥሮች አጥፍቶ በቦታቸው ቀላል ቁጥሮች ጻፈ፤ ምህዋሯ ክብ ሆነ። ፋይሉንም ለሁሉም ላከ። አዲሱ ሲገባ አሮጌው ስለሚጠፋ የቀድሞው በማንም ዘንድ አልቀረም።

ከወር በኋላ አንዲት ሴት ደወለችለት። ከወንድሙ ጋር በአንድ ክፍል ደሟን የምትታጠብ ነበረች። ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ሲቀመጡ፣ አምስት ሆነው በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይጫወቱ እንደነበር ነገረችው። ትልቅ መንኮራኩር መሥራት አይችሉበትም። ያቺ ፕላኔት ግን በጌሙ አቆጣጠር በየሰባት ዓመቱ እነሱ ባሉበት ፕላኔት አጠገብ ታልፋለች፤ ያን ጊዜ ትንሿ መንኮራኩራቸው ትደርስባታለች።

«ወንድምህ፣ እኛ መሄድ ካቃተን እሷ ትምጣልን ይለን ነበር» አለችው። «ሰባት ዓመቱ ሲሞላ ጠበቅናት፤ ቀረች።»

ሰውየው ያደረገውን ነገራት። አልተቆጣችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥሮቹን ለመመለስ ደከመ። ምህዋሩን ሞላላ አደረገው፣ አዘነበለው፤ ነገር ግን ስሌቱን የሚያውቀው ሟቹ ነበረ። ፕላኔቷ ስትቀርብ፣ ሕመምተኞቹ ያሉበት ፕላኔት በፀሐይዋ ማዶ ይሆንባታል። ወራት እንዲህ ሲል ቆይቶ ለሴትዮዋ ደወለና ትንሽ እንዲታገሡት ለመናት።

«አትድከም ወንድሜ» አለችው። «አሁን የቀረነው ሁለት ነን።»

ስልኩን ዘግቶ ሲያለቅስ ዋለ።

ትርሲት ልጄ፣ ርዕሰ መምህር ሆነሽ በተሾምሽበት ትምህርት ቤት ከአንቺ በፊት የነበሩት ሟቹ ርዕሰ መምህር የአምስተኛ ክፍል ልጆች ሰኞ ሰኞ አርፍደው እንዲገቡ ፈቅደው እንደነበር፣ ምክንያቱን የሚያውቅ መምህርም እንዳጣሽ ነገርሽኝ፤ ላስተካክለው ወይ ብለሽም ጠየቅሽኝ። ሰዓቱ ጠማማ መስሎሻል፤ ለታላቅየውም የፕላኔቷ መንገድ እንዲሁ መስሎት ነበር። ወንድሙን ስድስት ዓመት ነዘነዘው እንጂ አንድ ቀን እንኳ ለምን እንዲህ አደረግሃት አላለውም። ርዕሰ መምህሩ አልፈዋል፤ ልትጠይቂያቸው አትችዪም። ልጆቹን ግን የፊታችን ሰኞ በር ላይ ታገኚያቸዋለሽ። ሰዓቱን ከመንካትሽ በፊት ከየት እንደሚመጡ ጠይቂያቸው።