ይማም ቃሬዛውን የጣለ ዕለት

እኛ ሰፈር ሰው ሲፎክር ሰምተን፣ እርስ በርስ እየተያየን የምንላት አባባል አለች። እንግዳ ይስቅባታል። እኛም እንስቃለን፤ ይማም ካለ ግን አንናገራትም። የመጣችው በእሱ ሰበብ ነዋ።

ይማም ሐይቁ ዳር የማንጎና የፓፓያ ማሳ ያለው ጎልማሳ ነው። አንድ ዓመት ፍሬው ሲበረክትለት፣ "ከእንግዲህ እህል አልቀምስም። አላህ ዛፍ ላይ አብስሎ እየሰጠኝ ለምን ድስት እጠብቃለሁ?" አለ።

ሚስቱ ዘሀራ፣ "ኧረ ተው፣ ይጎዳሃል" ብትለው አልሰማም። መጀመሪያ ሰውነቱ ቀለለው። መስጊድ ደጃፍ ቆሞ እህል የሚበላውን ሁሉ "ከበሬ በምን ትለያላችሁ?" ይል ጀመር።

ውሎ ሲያድር ግን ጥርሱን ይጠዘጥዘው፣ ፀጉሩ ከማበጠሪያው ጋር ይመጣ፣ ብድግ ሲል ዓይኑ ይጨልምበት ጀመር። ከዚያ ሁሉ ወሬ በኋላ ለማን ይናገር? ሲያዞረው ግድግዳ ተደግፎ ሐይቁን የሚያይ ይመስላል።

በክረምት የዘሀራ እናት እማማ ጦይባ በጠና ታመሙ። መኪና የሚገኘው ከዳገቱ በላይ፣ አስፋልቱ ላይ ነው። ቃሬዛ ተዘጋጀ።

"አማቴ ናቸው፣ የፊቱን እኔ እይዛለሁ" አለ ይማም።

ጎረቤቱ ሰይድ፣ "አያ ይማም፣ ገርጥተሃል፤ እኔ ልያዝልህ" ቢለው ተቆጣ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጉልበቱ ከዳው። ቃሬዛው አዘነበለና አሮጊቷ ጭቃው ላይ ወደቁ። ሰዎቹ ወደ እሱ ሳያዩ አሮጊቷን አንስተው ቃሬዛው ላይ መለሷቸው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ሊነሳ ሞከረ፤ አልቻለም። ሰይድ ገና እጁን ሳይዘረጋ ዘሀራ መቀነቷን አጥብቃ፣ ባሏ የጣለውን እንጨት ትከሻዋ ላይ አደረገች። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም አይቶ የማያውቀው ሰው ሁሉ ተከተላት። ይማም ጭቃው እንዳያንሸራትታት ያወለቀችውን ጫማ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ አዘገመ።

እማማ ጦይባ ሐኪም ደርሶላቸው ተረፉ። ይማም ግን ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። በማግስቱ ዘሀራ እጁን ይዛ አስገባችው። እግራቸው ላይ ወደቀ።

"እማማ፣ አውፍ ይበሉኝ። መድከሜን አውቀው ነበር፤ መናገሩን አፈርኩ።"

አሮጊቷ ቀና አድርገው አዩት። ከቀረበላቸው ምሳ አንድ ጉርሻ ጠቀለሉና፣ ሳይስቁ ወደ አፉ አስጠግተው፣ "ጉረስ ልጄ፤ ፍሬ ያስወራል፣ ሽሮ ያስኬዳል" አሉት።