ሽኮኮና ወደ ሆራ የሚወስደው መንገድ

ተረት ላምጣ? አምጪ በሉኝ። ጆሯችሁ ከእኔ ጋር ነው? እንግዲያው ስሙ።

ዛሬ መልእክት በሽቦ ሲጓዝ «በዚህ ሂድ» የሚለው ሳጥን ራውተር ይባላል። በጥንት ዘመን ግን፣ ሳጥኑም ሽቦውም ሳይታሰብ፣ ለመንገደኛ መንገድ የምታሳይ አንዲት ሽኮኮ ነበረች። መንታ መንገድ ላይ ካለ ቋጥኝ ላይ ተቀምጣ የመጣውን ሁሉ «ወዴት ነህ?» ትላለች። ሲነግራት «በቀኝ ሂድ» ወይም «በግራ ሂድ» ትለዋለች። በስተግራዋ፣ ከኮረብታው ጀርባ ባለው ሌላ መንታ ላይ ደግሞ ጃርት እንደ እሷው መንገድ ያሳይ ነበር።

ሽኮኮ ከቋጥኟ ወርዳ አታውቅም። ታዲያ መንገዱን በምን አወቀችው? ወሬ የሚያመጡላት ሁለት ነበሩ። እመት ጦጢት ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች የሰፈሩን ታመጣለች። አያ ቁራ እየበረረ የሩቁን ያመጣል። ሁለቱ ያልተስማሙ እንደሆነስ? የሽኮኮ እናት ስትሞት «ልጄ፣ ጦጢት የምትናገረውን በእግሯ ረግጣው ነው፤ ከቁራ ይልቅ እሷን እመኚ» ብላት ነበር። ሽኮኮም በዚሁ ኖረች።

አንድ ክረምት ዝናብ ቀረ። ሣሩ ነደደ፣ ግልገሎች ከሱ። «ጨዋማውን ምንጭ፣ ሆራን፣ የቀመሰ ይድናል» ተባለ። ድኩላ ግልገሏን አስከትላ መጣች።

«እመት ሽኮኮ፣ ሆራ በየት ነው?»

ቁራ «ሆራ በቀኝ ነው» ብሏል። ጦጢት «ሆራ በግራ ነው፣ በጃርት በኩል» ብላለች። ሽኮኮ የእናቷን ቃል አስታውሳ «በግራ ሂጂ» አለቻት።

ድኩላ ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች። ተመልሳ መጣች።

«ምነው?»

«ጃርት ‹በሽኮኮ በኩል ነው› ብሎ መለሰኝ።»

«በደንብ አልሰማሽው ይሆናል። በግራ ነው።»

ሄደች፣ ሄደች። ተመልሳ መጣች። ግልገሏ ይንገዳገድ ነበር።

«‹በሽኮኮ በኩል ነው› አለኝ እኮ!»

«ጦጢት አትዋሽም። በግራ ነው።»

ለሦስተኛ ጊዜ ግልገሉን በአፍንጫዋ እየገፋች ተመለሰች። ግልገሉ ከቋጥኙ ሥር ወደቀ። «እንግዲህ የትም አልሄድም» አለች ድኩላ። «ልጄ ሲሞት ቁጭ ብለሽ እዪ።»

ሽኮኮ «በግራ» ልትል አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ከዚያም ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች።

«እመት ጦጢት! የሆራን መንገድ አይተሽዋል?»

ጦጢት ከቅርንጫፉ ላይ ጭራዋን አወዛወዘች። «እኔማ አላየሁም። ጃርት ነው ‹የሆራን መንገድ አውቃለሁ› ያለኝ፤ በእሱ በኩል መሰለኝ።»

ሽኮኮ ወደ ኮረብታው ጮኸች። «አያ ጃርት! አንተስ ከማን ሰማህ?»

«ከቁራ!» አለ ጃርት ካለበት። «‹ሆራ ከሽኮኮ በስተቀኝ ነው› አለኝ። ወደ አንቺ የምልከው ለዚያ አይደል?»

ሽኮኮ ክው አለች። ለካ የቁራው ወሬ በጃርት ዞሮ፣ የጦጢትን ስም ለብሶ፣ ተገልብጦ ነው የደረሳት! እሷ ወደ ጃርት፣ ጃርት ወደ እሷ፤ መሐል ላይ ግልገል ሊሞት።

«አያ ቁራ፣ አንተስ?»

«እኔ ከማንም አልሰማሁ። ጠዋት ጠጥቼ ነው የመጣሁ» አለ ቁራ። ምንቃሩ ላይ ነጭ ጨው ደርቋል።

«እንግዲህ ቁራን አስቀድማለሁ» አለች ሽኮኮ።

ጦጢት ተቆጣች። «የእናትሽን ቃል ልትሽሪ? ነገ እዚሁ ሰፈር ያለውን የበለስ መንገድም ቁራን ልትጠይቂ ነው? ከሰማይ ሆኖ እሾሁን የት ያየዋል!»

ሽኮኮ አሰበች። ቁራ እሾህ ረግጦ አያውቅም፤ እውነቷን ነው። «ልክ ነሽ፣ እመት ጦጢት። ለሰፈሩ መንገድ ዛሬም አንቺ ትቀድሚያለሽ። ለሆራ ግን ቁራ ይቅደም። ለሆራ ብቻ።»

«በቀኝ ነው» አለቻት ድኩላን።

«አሁንስ በምን ልመንሽ?»

ሽኮኮ ከቋጥኟ ወረደችና በአጫጭር እግሮቿ ከፊት ከፊት መራመድ ጀመረች። ድኩላም ግልገሏን አስነስታ ተከተለች። ቁልቁለቱን ጨርሰው ሲታጠፉ አፈሩ ነጭ ሆነ፣ የውሃ ድምፅ ተሰማ። ግልገሉ ነጩን አፈር ላሰ፤ ደግሞ ላሰ። ወደ ማታ በአራት እግሩ ቆመ።

ጦጢት ለጥቂት ቀን አኮረፈች፣ በኋላ ግን የበለሱን ወሬ ይዛ ተመለሰች። ሽኮኮም አንገቷን ዘንበል አድርጋ «አይተሽው ነው ወይስ ሰምተሽው?» አለቻት።

የእኔ አለቀ፣ የእናንተን ቀጥሉ፦ የወሬን መንገድ ያልጠየቀ፣ የእግሩን መንገድ ይስታል።