ያምሮትና የጎጆዋ ድንጋይ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው ተረት በረት የለውም፣ አሸዋና ፀሐይ ብቻ ነው። «የሰጎን ጎጆ» በሉኝና ልጀምር።

አላችሁ? እንግዲያው ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ሳይቀር በሚያወራበት ዘመን፣ በረሃው ሜዳ ላይ ያምሮት የምትባል ሰጎን ነበረች። ገና ልጅ ናት። ላባዋ አቧራ ይመስላል። ስትሮጥ ነፋስ ራሱ «ኧረ ጠብቂኝ!» ይላታል። አንለይ የሚባል ወንድ ሰጎን አገባት። አንለይ ደግሞ ጥቁር ነው፣ ከሰል የመሰለ። ክንፉን ዘርግቶ ሲጨፍር አገር ቆሞ ያየዋል። ያለ እሱ ሰርግ አይደምቅም።

ያምሮት ስትዳር እናቷ አንገቷን አቅፋ እንዲህ አለቻት፦ «ልጄ፣ ባልሽ ‹ላግዝሽ ወይ?› ቢልሽ ‹እችላለሁ› በይ። ሴትን የምታስከብራት ይህቺ ቃል ናት።»

ያምሮትም ቃሏን በልቧ ቋጥራ ሄደች።

እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ደረሰ። አሸዋውን ጫር ጫር አድርጋ ጎጆ ሠራች፣ እንቁላሎቿን ጣለችና ታቀፈቻቸው። ጎጆው ዳር አንድ ክብ፣ ነጭ ድንጋይ ነበር። ፀሐይ ልትገባ ስትል ድንጋዩ ተናገረ።

«እመቤት፣ ይበርደኛል። ከክንፍሽ ጫፍ ትንሽ ብታካፍይኝስ?»

«አንተ ድንጋይ ነህ፤ ብታቀፍህ መቼ ትፈለፈላለህ?» አለችው።

«መፈልፈሉንስ አልፈለፈልም። ብርዱ ግን ይሰማኛል።»

ሳቀች። በምንቃሯ ገፋ አድርጋ ከእንቁላሎቿ መሀል አስገባችው።

አንለይ ከሰርግ ሲመለስ ከሩቅ ይጣራል። «ያምሮትዬ! ላግዝሽ ወይ?»

«እችላለሁ!» ትላለች።

«ጎበዝ!» ይልና ይሄዳል።

በማግስቱም መጣ። «ያምሮትዬ! ላግዝሽ ወይ?» ጉሮሮዋ ደርቋል፣ እግሯ ደንዝዟል። «እችላለሁ!» አለች። «ጎበዝ!» አለና ሄደ።

በሦስተኛውም መጣ። «ላግዝሽ ወይ?» ድምጿ አልወጣ አላት። ድንጋዩ ከሥሯ «ንገሪው እንጂ!» አላት። እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ «እች... ላለሁ» አለች። አንለይም ወደ ሰርጉ።

ብትነሳ እንቁላሎቹን ቀን ፀሐይ ይቀቅላቸዋል፣ ማታ ብርድ ይገድላቸዋል። ባትነሳ እሷ በውሃ ጥም መሞቷ ነው። ምን ታድርግ?

እመት ኤሊ እየተንፏቀቀች መጣች። «ምን ሆነሻል ልጄ? ከስተሻል።»

«ውሃ ጠማኝ፣ እመት ኤሊ። ልጆቼን ለማን ልተዋቸው?»

«ለአፈር ነዋ! እኔ የኔዎቹን ቀበርኳቸው፣ ሄድኩ። እኔንም እናቴ ቀብራኝ ነው የሄደችው። አላውቃትም። ይኸው አደግኩ አይደል?»

ያምሮት እንቁላሎቿን ይበልጥ ጠጋ አደረገቻቸው። «እኔ ግን ልጆቼ እንዲያውቁኝ እፈልጋለሁ» አለቻት።

እትዬ ጅግራ ቱር ቱር እያለች መጣች። «ምን ሆነሻል አንቺ ሙሽሪት?»

«ደከመኝ፣ እትዬ።»

«ቻል አድርጊው! እኛስ ችለን አይደል? ትዳር ማለት መቻል ነው» አለችና እየተጣደፈች ሄደች። እሷም ቤቷ የሚጠብቃት ሥራ ነበራት።

በመጨረሻ አያ ጥንብ አንሳ ከሰማይ ወረደ። ድምፁ ማር ነው። «እህት ዓለም፣ አንጀቴን በላሽው። ሂጂ ውሃሽን ጠጪ፤ እኔ እጠብቅልሻለሁ። ጎረቤት ለመቼ ነው?»

ድንጋዩ «አትመኚው!» አለ። ግን የጠማው ሰው ጆሮ የለውም። ያምሮት እየተንገዳገደች ወደ ወንዙ ሄደች።

ጥንብ አንሳ እንቁላሉን በምንቃሩ ቢወቅረው ቢወቅረው ጠነከረበት። ድንጋይ ፈለገ። ሜዳው አሸዋ ነው፤ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ከጎጆው መሀል ካለው በቀር የለም። እሱን አነሳው።

«እኔን ልትወረውር? እኔ እኮ የዚህ ቤት ልጅ ነኝ!» አለ ድንጋዩ።

ጥንብ አንሳ ወረወረው። ድንጋዩ ወደ ግራ ተንሸራተተና አሸዋው ላይ ወደቀ። «ያምሮት!» ብሎ ጮኸ።

እንደገና አንስቶ ወረወረው። ድንጋዩ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ። «አንለይ!» ብሎ ጮኸ።

ጥንብ አንሳ ተናደደና ከፍ አድርጎ አነሳው። ድንጋዩም ያለ የሌለ ክብደቱን ሰብስቦ የራሱ የጥንብ አንሳ አውራ ጣት ላይ ዷ! አለበት። «ኡኡ! እግሬን!» እያለ፣ እያነከሰ በረረ።

ያምሮት ጩኸቱን የሰማችው ምንቃሯ ውሃውን ሊነካ ሲል ነው። ሳትጠጣ ተመልሳ ሮጠች። ክንፏን ዘርግታ ለእንቁላሎቹ ጥላ ሆነችላቸው። ፀሐይዋ አግላቸዋለች።

«ልጆቼ?»

ዝም።

«ልጆቼ!»

ዝም።

ይሄኔ አንለይ ከሰርጉ እያለከለከ ደረሰ። ያምሮት አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ያቺን ቃል ፈለገች፣ አላገኘቻትም። ሌላ ቃል መጣላት።

«አልችልም» አለች።

አንለይ ሰምቶት የማያውቀው ቃል ነው። «ምን አልሽ?»

«አልችልም፣ አንለይ። ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ነው የመጣሁት። አንተ ከሩቅ ትጠይቀኛለህ፣ እኔ ከሩቅ እዋሽሃለሁ። ና ተረከበኝ።»

«እኔ? ወንድ ልጅ እንቁላል ታቅፎ? ሰው ምን ይላል?»

ድንጋዩ ከአሸዋው ላይ፣ «ሰው ብሎ እስኪጨርስ እንቁላሉ ይበስላል!» አለው።

አንለይ ግራ ቀኙን አየ። የሚስቱን የደረቀ ምንቃር አየ። ያን ሰርግ የሚያናውጥ እግሩን አጠፈ። ቀስ ብሎ፣ ላባውን እያርገበገበ፣ ተቀመጠ።

ትንሽ ቆየና ከሥሩ ጧ... ጧ... የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ከቅርፊቱ ውስጥ ቀጭን ድምፅ፦ «አባ፣ ፈቀቅ በል እንጂ፣ ተጫንከኝ!»

አንለይ አለቀሰ። «ያምሮትዬ፣ አሉ! ሂጂ ጠጪ። ሳትጠግቢ እንዳትመለሺ!»

ወሬው ሜዳውን ሞላ። እትዬ ጅግራ ሴቶቹን አስከትላ፣ ገንፎ ይዛ፣ እየተንከተከተች መጣች። «አራሱ እንዴት ነህ? እንኳን ማርያም ማረችህ!»

ሜዳው በሳቅ አውካካ። አንለይ አንገቱን ሊቀብር ፈለገ። ግን ከሥሩ ያ ጧ ጧ አለ። ቀና አለና «አሜን፣ እናንተንም ትማራችሁ» አላቸው። «ገንፎው ላይ ግን ቅቤ ጨምሩበት፤ ግማሹን ለያምሮት ነው የማስቀምጠው።»

ሳቁ ቆመ። እትዬ ጅግራ ቅቤውን ጨመረች። ቤቷ ስትገባ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንተስ?» አለችው።

ቀትር ላይ ጥንብ አንሳ የታመመ እግሩን አንጠልጥሎ በሰማይ ዞረ። «አየሁህ! ነጭ አሸዋ ላይ ጥቁር ነገር!» አለና ወረደ። አንለይ ተነስቶ እርግጫ ሲያቀምሰው ዳግም ላይመለስ በረረ።

«ጅብ ቢመጣስ? ቀበሮስ?» አለ አንለይ ፈርቶ። «ሁሉም ያየኛል።»

ድንጋዩ መለሰ። «ቀን አቧራ የመሰለችውን እሷን ማንም አይለያትም። ማታ ጥቁሩን አንተን ማንም አያይህም። የሠራችሁ አምላክ አስቦበታል፤ እናንተ ናችሁ ያላያችሁት።»

ከዚያ ወዲያ ቀን እናት፣ ማታ አባት ሆነ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያምሮት «ና ተረከበኝ» ትላለች። ሲነጋ እሱ «ነይ ተረከቢኝ» ይላል። በመሀል እሷ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ነፋስ እስኪለምናት ትሮጣለች። እሱም አልፎ አልፎ ሰርግ ይሄዳል፤ ጭፈራውን ግን ሳይመሽ ይጨርሳል።

አንድ ማታ የያምሮት እናት ልትጠይቅ መጣች። አማቿ ታቅፎ፣ ልጇም ጠግባና አምሮባት አየች። ልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

«እናቴ ያስተማረችኝን ነው ያስተማርኩሽ» አለች። «‹ና ተረከበኝ› የምትለዋን ቃል የሚያስተምረኝ አላገኘሁም። ተመስገን፣ አንቺ አገኘሽ።»

ያምሮት ተጠጋቻት። «ያንቺ ቃል ነው እስከዚህ ያደረሰኝ፣ እማ። እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት።

እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። ጫጩቶቹ ድንጋዩን ከበው «እማ፣ ይሄኛው ወንድማችን መቼ ነው የሚወጣው?» አሉ።

«እሱማ ታላቃችሁ ነው፣ ቀድሟችሁ ወጥቷል» አለቻቸው። ሲመሽም በምንቃሯ ገፋ አድርጋ፣ እንደ ድሮው ከልጆቿ መሀል አስተኛችው። ከዚያ ለአንለይ አስረክባቸው ወደ ወንዙ ወረደች። ጎንበስ ብላ ጠጣች። ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ደግማ ጠጣች። የሚያጣድፋት አልነበረም።

ለዚህ ነው «እችላለሁ» ያለች ጎጆ ትሠራለች፣ «ና ተረከበኝ» ያለች ልጅ ታሳድጋለች የሚባለው።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ ሳይሆን በውሃ አርሱልኝ፤ እንደ ያምሮት ጠምቶኛል።