የፊታውራሪ ጓንጉል መድኃኒት

ክፉ ጉንፋን አገሩን ባስተኛው ጊዜ፣ ፊታውራሪ ጓንጉል ሐኪም አይቶት የማያውቀውን መድኃኒት ከአንድ መንገደኛ ነጋዴ ገዙና «ያልጠጣ ከአገሬ ይውጣ!» ብለው አስለፈፉ። አንዲት ምላሰኛ ሴት አልጠጣም ብላ ተይዛ ስትቀርብ ፊታውራሪ ማዕድ ላይ ነበሩ። አሳላፊው እንደ ወጉ ጠጁን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰና ብርሌውን አቀረበላቸው።

«አንቺ፣ ምን ቆርጦሽ ነው መድኃኒቴን የናቅሽው?» አሉ ብርሌውን እየተቀበሉ።

«ጌታዬ፣ እርስዎስ ጠጡት?»

«እኔማ እናንተን ምን እንደሚያደርጋችሁ አይቼ እጠጣለሁ!»

ሴትዮዋ መሬት እስክትነካ እጅ ነሳች።

«ለሹመቱ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ! እመቤቴ በእጃቸው ለጣሉት ጠጅ አንድ ቀማሽ ይበቃዎታል፤ ከየት እንደመጣ ላልታወቀው መድኃኒት ግን አገሩን ሁሉ ቀማሽ አድርገው ሾሙን።»