የሰማዩ ዓይንና የካምፑ ሙክት

ለወታደሮቹ በዓል የተገዛው ሙክት ከካምፑ ቢጠፋ፣ ኮሎኔሉ መንደርተኛውን ሰብስበው ደነፉ። «ሰላይ ሳተላይታችን ከሰማይ ሆኖ የሸሚዝ ቁልፍ ይቆጥራል! ሌባውን አይቶታል። አሁኑኑ ካላወጣችሁት መንደሩ በሙሉ ይታሰራል!»

አንዲት ምላሷ የማያርፍ ጠላ ሻጭ ሳቋን በነጠላዋ አፍና ተነሣች። «ጌታዬ፣ ካየውማ ማን እንደሆነ ለምን አይነግሩንም?»

«ሳተላይት ያየው ወታደራዊ ምስጢር ነው! ያወጣ ወዮለት!»

«እንኳን ነገሩን!» አለች እጇን አጨብጭባ። «እኛም እኮ ሙክቱን እየጎተተ ሲወጣ ከአጥሩ ሥር ሆነን አይተነዋል። የኮቱን ቁልፎች ሳይቀር ቆጥረናል፤ ስድስት ናቸው፣ የሚያብለጨልጩ ነሐስ። ስሙን ልንጠራ ስንል ለካ ምስጢር ኖሯል!»

መንደርተኛው ሆዱን ይዞ ሲንከተከት፣ ኮሎኔሉ ሳያስቡት የኮታቸውን ቁልፎች በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።