ከቢጫው ጀሪካን በኋላ

አንዲት ሴት በሠላሳ ስምንት ዓመቷ የሸራ ጀልባ መንዳት ጀመረች።

ሥራዋ መድኃኒት ቤት ነው። ዋና የተማረችው ካገባች በኋላ ነው። ስሟን ፈትለወርቅ እንበላት። ለምን ጀመረች ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሰው በዚያ ዕድሜ አዲስ ነገር ሲሞክር "ለምን?" የሚሉት ምንም ሞክረው የማያውቁ ናቸው።

የምትኖርበት ከተማ ሐይቅ ዳር ነው። እዚያ አንድ ትንሽ ክበብ አለ፤ ዐሥር አሮጌ ጀልባዎች፣ አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ሰሌዳ። ክበቡን የሚመሩት ጋሽ ይልቃል የሚባሉ የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ ናቸው። ጀልባዎቹ ሞተር የላቸውም፤ የሚይዙትም አንድ አንድ ሰው ነው። በአንድ እጅ የሸራውን ገመድ፣ በሌላው የመሪውን እንጨት ይዞ ከነፋስ ጋር መደራደር ነው ሥራው።

ውድድሩ ለመረዳት አይከብድም። ሐይቁ ላይ ሦስት ጀሪካኖች በድንጋይ ታስረው ይንሳፈፋሉ፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል ሦስቱንም ዞሮ መመለስ ነው። መግቢያው ላይ ሲደርሱ ጋሽ ይልቃል ፊሽካ ይነፋሉ፤ ለአንደኛውም ለመጨረሻውም እኩል ይነፋሉ። ፊሽካ የተነፋለት ጨርሷል። ያልተነፋለት፣ ሲዋኝ ውሎ ቢመጣም አልጨረሰም።

ለጀማሪ አንድ ሕግ አላቸው። ሦስት ውድድር ይሰጠዋል። ከሦስቱ አንዱን በትክክል ከጨረሰ፣ የመጨረሻ ሆኖም ቢሆን፣ አባል ይሆናል፤ ሸራው ላይ የራሱ ቁጥር ይጻፍለታል። ካልጨረሰ ክረምቱ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ በጥቅምት እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ፈትለወርቅ በመጀመሪያው ውድድር መነሻው ላይ ከሌሎቹ ጋር ተጋፋች፤ ተገለበጠችና ከሐይቁ የድርሻዋን ጠጣች። በሁለተኛው፣ መካከል ላይ ነፋሱ ቆመና በመቅዘፊያ ጀልባ ተጎትታ ገባች። አንድ ቀራት።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ይልቃል ጠሯት።

"ስሚኝ ልጄ። ዛሬ ማንንም አትቅደሚ። መነሻው ላይ ከግርግሩ ራቂ፤ እነሱ ይናከሱ፣ አንቺ ከኋላ ንጹሕ ነፋስ ይዘሽ ተነሺ። ሰሌዳውን አንብቢ። ዞረሽ ግቢ። ሌላ ምንም አልፈልግብሽም።"

"መጨረሻ ብወጣስ ጋሼ?"

"መጨረሻም መውጣት እኮ መውጣት ነው!"

ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ የወጣው ኢንጂነር ዳምጠው ይህን ሰማ። "ፈትለ!" አላት ሸራውን እየወጠረ፤ "ዛሬ እንኳ ጀሪካኖቹን ለቅመን ከመግባታችን በፊት ድረሺልን!"

"ግድ የለም ኢንጂነር፤ ከራብዎት ምሳዎን ቀድመው ይብሉ።"

ሁሉም ሳቁ። እርሷም ሳቀች።

አሁን ልብ በሉ። ዓመቱን ሙሉ ቅደም ተከተሉ አንድ ነበር፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። የዚያን ዕለት ግን ነፋሱ ከወዲያ ማዶ መጣ። ጋሽ ይልቃልም ሰሌዳውን አጠፉና በጠመኔ ጻፉ፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ።

ነባሮቹ በሰሌዳው ፊት ለፊት አለፉ። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩትም። ለምን ያያሉ? ያውቁታላ! ሰሌዳ ለጀማሪ ነው። ጀማሪዋ ቆማ አነበበች። እንዳትረሳውም በእስክሪብቶ የእጇ አንጓ ላይ ጻፈችው።

ውድድሩ ተጀመረ። እንደተባለችው አደረገች፤ ከግርግሩ ርቃ ከኋላ ተነሣች። ጀልባዋ አልተገለበጠም። ነፋሱም አልቆመም። ቢጫውን ጀሪካን ሳትነካው ዞረች። በሕይወቷ እንደዚያ አምሮላት ዞራ አታውቅም።

ከዚያ አንጓዋን አየች፤ ሰማያዊ ይላል። ሐይቁን አየች፤ ዘጠኝ ሸራ ተከታትሎ ወደ ነጩ ይሄዳል።

ዳምጠው በልማድ ወደ ነጩ ታጥፏል። ሁለተኛው ዳምጠውን አየ። ሦስተኛው ሁለተኛውን አየ። እንዲህ እያለ እስከ ዘጠነኛው ደረሰ። ዘጠነኛው፣ አቶ ልሳኑ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር፣ ከእርሷ ብዙም አልራቁም ነበር።

"ጋሽ ልሳኑ!" ብላ ጮኸች፤ "ቀጣዩ ሰማያዊው አይደለም እንዴ?"

"ምን?"

"ሰሌዳው ሰማያዊ ነው የሚለው!"

"ዳምጠው ወዴት እየሄደ እንደሆነ አታዪም?"

"አያለሁ፤ ግን አንብቤ ነው የመጣሁት!"

"እንግዲያው ዘጠኛችንም አብደናል በያ! አንቺ በሦስት ወርሽ ልታርሚን ነው?"

ባሏ ደግሞ ከዳር ስልኩን ደግኖ ይቀርጻታል። የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ሰማያዊው መዞሩን ሲያይ እጁን አራገበ። "በዚያ አይደለም! ፈትለ! ሰዎቹን ተከተዪ! ሰዎቹን!"

አንድ ደቂቃ ያህል ጀልባዋ ወደ ሰማያዊው ሄደ። አንድ ደቂቃ ብቻዋን ሆነች። ብቸኝነት በውኃ ላይ እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ? አንድ ሸራ በአንድ ወገን፣ ዘጠኝ ሸራ በሌላው ወገን፣ ዳር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ እየጠቆመ።

የመሪውን እንጨት ገፋችው። ዘጠኙን ተከተለች።

ዳምጠው ሁሉንም በሩቅ ቀድሞ መግቢያውን አለፈ። ፊሽካ የለም። ዞሮ ጮኸ፤ "ጋሽ ይልቃል፣ ፊሽካው ጠፋብዎት እንዴ?"

"ፊሽካውማ ይኸው። የጠፋው ጨራሽ ነው።"

ሁለተኛው ገባ፤ ዝም። ሦስተኛው ገባ፤ ዝም። ዘጠኙም ፊሽካ ሳይነፋላቸው መስመሩን አለፉ። በመጨረሻ ፈትለወርቅ ገባች። ዝም።

ከጀልባው ወርዳ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ቆመች። አንጓዋን አንሥታ አሳየቻቸው። "ጋሼ፣ እኔ አውቅ ነበር። ይኸው ጽፌዋለሁ።"

ሽማግሌው ጽሑፉን አነበቡት። "ይሄማ ባሰ" አሉ። "እነሱ አላነበቡም። አንቺ አንብበሻል። አፍንጫሽ ወደ ሰማያዊው ሲዞር አይቼ ፊሽካውን አፌ ላይ አድርጌ ነበር። አንቺን ነበር የምጠብቀው።"

"ዘጠኝ ሰው ይሳሳታል ብዬ እንዴት ላስብ?"

"ዘጠኝ ሰው አልተሳሳተም። አንድ ሰው ተሳሳተ። ስምንቱ እሱን ነው ያዩት።"

ዳምጠው ትከሻውን ሰበቀና ሸራውን ማጠፍ ጀመረ። ምን ቸገረው? በሌሎቹ ውድድሮች ባገኘው ነጥብ የዓመቱ አንደኛ መሆኑ አልቀረም። አቶ ልሳኑም ቁጥራቸው ከተጻፈ ሰባት ዓመቱ ነው። ከዐሥሩ መካከል የዚያን ቀን አንድ ነገር ያጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያነበበው ሰው።

እናንተስ? ስለ ጀልባ የነገርኳችሁ ይመስላችኋል?

ከመካከላችሁ አንዳንዱ አሁን በሆዱ "ሴትዮዋ ሞኝ ናት" እያለ ነው። ደስ ይለኛል። እንዲህ የሚለውን ሰው ነው የምፈልገው።

እዚህ ሰፈር ሸክላ የምትሠራ ሴት አለች። ስሟ ወይዘሮ አስካለ ነው፤ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ጀበናችሁ የእርሷ ሥራ ነው። ድስታችሁ የእርሷ ሥራ ነው። ባሏ ሐሙስ ዕለት ተቀበረ። ትናንት ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። አርባ ወንበር ቆጠርኩ። ሰው ቆጠርኩ፤ አራት። አንደኛዋ ራሷ አስካለ፣ ሁለቱ ከገጠር የመጡ እኅቶቿ፣ አራተኛው እኔ።

ለምን? "ዓይኗ ይበላል" ስለተባለ! በሉ፣ ንገሩኝ፤ ማነው መጀመሪያ ያለው? አንድ ሰው አለ። ሁለተኛው እሱን አየ። ሦስተኛዋ ልጇን በነጠላዋ ሸፈነች። አራተኛው ያቺን እናት አየና መንገድ ቀየረ።

በአላዋቂ አልቆጣም። እዚህ ፊት ለፊቴ ግን ነርስ ተቀምጣለች። መምህር ተቀምጧል። ሰበካውን የሚመሩ፣ መጽሐፍ የሚያነቡ፣ ሰው ሰውን በዓይኑ እንደማይበላ እንደኔው የሚያውቁ ሰዎች ተቀምጠዋል። ታውቃላችሁ! አንብባችኋል! ታዲያ ትናንት የት ነበራችሁ? "እኔ እንኳ አላምንበትም፤ ግን ሰው ምን ይለኛል?" አላላችሁም?

አላምንበትም ማለት ምን ይጠቅማታል? አላምንበትም ካላችሁት ሁሉ አንድ እንኳ ወንበር ላይ አልተቀመጠላትም። የሚያምነውም የማያምነውም በአንድ መንገድ ሄደ፤ ባዶ ድንኳን ደግሞ ከሁለቱ የቱ እንደቀረ አይለይም።

ደግሞ አትሳሳቱ። ያን ወሬ መጀመሪያ ያወራው ሰው ነገ ይረሳዋል። በእናንተ ፋንታ አይጠየቅላችሁም። በእግዚአብሔር ፊት ስትቆሙ "ሰፈሩ ሁሉ ቀርቶ ነበር" ብትሉ ሰፈሩ ከጎናችሁ ቆሞ አይመሰክርላችሁም። እዚያ የሚጠየቀው አንድ አንድ ሰው ነው። አለማወቅ ምክንያት የሚሆንለት ሰው ይኖር ይሆናል። ማወቅ ግን ለማን ምክንያት ሆኖለት ያውቃል?

የክበቡ ሴት ቢያንስ ጥቅምት አለላት። ይህ ድንኳን ጥቅምት የለውም። ነገ ጠዋት ይነሣል።

ድንኳኑ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጀርባ ነው፤ መቶ እርምጃ አይሞላም። ቡራኬውን ተቀብላችሁ ስትወጡ በግራ በኩል ታገኙታላችሁ። በሩ ላይ ቆማችሁ ማን ቀድሞ እንደሚገባ አትተያዩ።